ከእናቴ አልጋ ሥር ስለቀለጠው ጥቅል ገመድ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የሥራ ደኅንነት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? እኔ ከሳሌ በስተቀር ደኅና ነኝ፤ እናቴም ጭሱ ከደረቷ ሲለቅቃት ደኅና እንደምትሆን ሐኪሙ ተስፋ ሰጥቶናል። ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ በተወሰነ ጊዜ ለእያንዳንዳችን ኤክስቴንሽን የተባለውን የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድ ስለላኩልን፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ካልገለጽኩ ውለታ ቢስ እባላለሁና ይህን ጻፍኩ።

፩. ገመዱ ረጅም ነው፤ እግዜር ይስጥልን። የመጣው ግን ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮና የንብረት ክፍሉ ማኅተም ተለጥፎበት ሲሆን፣ «አንድ ጥቅል» ተብሎ ስለተመዘገበ አንድ ጥቅል ሆኖ እንዲመለስ፣ የፈታውም እንደሚጠየቅ በጥብቅ አሳሰቡን። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ሁለቱን ጫፎች ብቻ ስቤ፣ ኮምፒውተሩንና ያንን በሬ የሚያክል የመሥሪያ ቤት ማተሚያ ሰካሁበት። ተጠቅልሎ የሚሠራ ገመድ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እንደሚግል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

፪. ባዘዙት መሠረት የሥራ ቦታዬን ፎቶ አንሥቼ ብልክ፣ ጥቅሉ መተላለፊያ ላይ ስለሆነ ሰው ይጥላል ብለው መለሱልኝ፤ እውነትዎን ነው። የምሠራው እናቴ በምትተኛበት ክፍል ነውና፣ ሌላ ክፍልም የለንምና፣ ከአልጋዋ ሥር ገፋሁት። ሁለተኛውን ፎቶ አይተው «እጅግ ጥሩ» ብለው ጻፉልኝ።

በዚያው ሳምንት ገመዱ ቀለጠ፣ የአልጋ ልብሱም ጫፍ ተያያዘ። እናቴ ያለ ደጋፊ መነሣት አትችልም፤ እኔ ደግሞ ማድ ቤት ነበርኩ። ስትጮኽ የሮጥኩትን ሩጫ ለጠላቴም አልመኝም! አቅፌ አወጣኋት። ክቡርነትዎ፣ በትሕትና ለመግለጽ ያህል፣ አንጀቴ አርሯል።

፫. አደጋውን ባሳውቅ የንብረት ክፍሉ ገመዱን በተረከብኩበት ሁኔታ እንድመልስ ጠየቀኝ። እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ማኅተሙ አልተፈታም፤ ከላስቲኩ ጋር አብሮ ቀልጦ ስለተጣበቀ ከእንግዲህ ማንም አይፈታውም።

ትናንት ደግሞ ምትክ ደረሰኝ፤ ታስሮ፣ ታትሞ። ይህን ደንብ ይሻሩልን ዘንድ እለምናለሁ፤ ባልደረቦቼም አልጋ አላቸው፣ በአልጋውም ላይ የሚወዱት ሰው ይተኛል። እኔ በበኩሌ መልስዎን ሳልጠብቅ ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጬ ገመዱን ዘርግቼዋለሁ፣ ማተሚያውንም ነቅዬ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ላይ ሰክቼዋለሁ፤ ቅጣቴን ይላኩልኝ።

መመሪያዎን እስከ ጭሱ ድረስ ያከበርኩ፣ ወንበርዎ እንደተመቸዎት እንዲኖር የምመኝልዎ፣
ታዛዥ የነበርኩት የሂሳብ ክፍል ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ስለ ደኅንነት በቪዲዮ ሲያስተምሩን ከኋላዎ ያለው ግድግዳ ይታይ ነበር። የእርስዎ ገመድ ተፈትቶ፣ በግድግዳው ሥር ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ እንዴት ያምራል! ማኅተሙን ማን እንደፈታልዎ አልጠይቅም። እናቴ ግን፣ ካወቁ ለእኛ ለምን እንዳልነገሩን ጠይቂልኝ ብላለች።