ስፔሰሩ ካልወጣ አልነዳም

እሑድ፣ ኅዳር 2

ልጆቹን ትምህርት ቤት አደረስኩ፤ እዚህ ዐረብ ሀገር ሳምንቱ የሚጀምረው እሑድ ነው። ሰፈራችን ሳፋ እንደ ወትሮው መንገዱ ሁሉ መኪና። ታናሿ ጫማዋን ረስታ በካልሲ ወጥታለች። አስተማሪዋ እኔን ተቆጣች። ለምን እኔን? ጫማውን የማደርግላት እኔ ነኝ እንዴ?

ከሰዓት ሸሪፍ መኪናውን ወሰደው። የአሠሪዬ የማዳም ሁዳ የመጀመሪያ ልጅ፣ ገና ሃያ ያልሞላው። "ላሳምርልሽ ነው" አለኝ። ለማን እንደሚያሳምር አላህ ይወቀው።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

አሳመረው። አራቱም ጎማዎች ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ እግሩን አንፈራጦ የቆመ ጎረምሳ ነው የሚመስለው። ስፔሰር አስገብቶበት ነው... ቸርኬው ከመኪናው ራቅ እንዲል ከኋላው የሚታሰር ወፍራም ብረት።

እውነቱን ልጻፍ፣ ያምራል። ኩርባ ላይም አይወዛወዝም፣ መሬት ቆንጥጦ ነው የሚዞረው። ደስ እያለኝ ነዳሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ደስታው አልቆየም። መሪው ከበደ። አስፋልቱ ከተቦረቦረ ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል፤ እኔ ወደዚህ፣ እሱ ወደዚያ። ጎማው ጉድጓድ ሲነካ መሪው ከእጄ ሊነጠቅ ምንም አይቀረው። ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ፈጠን ስል ደግሞ መንቀጥቀጥ... ከኋላ ሁለት ሕፃናት እየዘፈኑ።

ለማዳም ነገርኳት። "ሸሪፍ አልለመደችውም ነው የሚለው" አለች፣ ከስልኳ ቀና ሳትል። ሸሪፍ ከጎኗ ሆኖ ሳቀ። "ከኩሽና ወጥታ ሾፌር የሆነች... ወደ ኩሽናዋ ብትመለስ ይሻላታል።"

አዎ፣ ከኩሽና ነው የወጣሁት። አራት ዓመት ድስት ስፈትግ ኖሬ፣ በዕረፍቴ ቀን ተምሬ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ፣ ሥራዬ "ሾፌር" ተብሎ የተጻፈው በምጽዋት አይደለም። ብናገር መሪውን ይቀሙኛል። ዝም ብልስ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ልጆቹን አውርጄ ቀጥታ ኑርሁሴን ጋ። የአክስቴ ልጅ ነው፣ ጎማ ቤት የሚሠራ። አንዱን ጎማ ፈታው። የስፔሰሩ መሃል ቀዳዳ ከመኪናው ጋር አይገጥምም፣ ሰፊ ነው። ጎማውን የሚያስሩት ዳዶዎችም ላልተዋል።

"ወላሂ ራሕመት፣ ስፔሰር ሁሉ መጥፎ አይደለም። ልክ የሚሆን አለ። ይሄ ግን የዚህ መኪና አይደለም።"

"ብታጠብቀውስ?"

"አጠብቀዋለሁ። ለሰፈር ይሆንሽ ይሆናል። ረጅም መንገድ እንዳትወጪበት።" ቆይቶ ደግሞ፣ "ብዙ አትናገሪያቸው እህቴ። ዝም አይነቅዝም።"

አይነቅዝም፣ እሺ። ጎማው ሲወልቅ ዝምታ ነው ልጆቹን አቅፎ የሚያተርፋቸው?

ዓርብ፣ ኅዳር 7

የፈራሁት መጣ። ሲቲ ለዑምራ መካ ውሰዱኝ አሉ። ሲቲ የማዳም እናት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አንደበታቸው ግን ጤነኛ ነው። ልጆቹም አብረው ሊሄዱ ነው።

"ያላ ራሕመት፣ ነገ በጠዋት ትወጣላችሁ" አለች ማዳም።

"ስፔሰሩ ካልወጣ አልነዳም።"

ከእኔ አፍ መውጣቱ ለራሴም ገረመኝ።

"ኢቃማሽን የያዘው ከፊልሽ ማን እንደሆነ ረሳሽ? ኩሽና እመልስሻለሁ! እምቢ ካልሽም ኹሩጅ፣ ወደ ሀገርሽ!"

"መልሽኝ። እናትሽንና ልጆችሽን ጭኜ በዚህ ጎማ አልሄድም።"

ሸሪፍ "ቁልፉን አምጪ፣ እኔ እነዳለሁ" ብሎ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ወንድ ከሆነ ይምጣና ያውጣው! ሲቲ በሳቅ ፈነዱ። ማዳም አልሳቀችም።

ያኔ ነው የመጣልኝ። "ማዳም፣ አንቺም መንጃ ፈቃድ አለሽ። እስከ መስጊዱ ንጂውና አልለመድሽውም በይኝ።"

ፈቃዱን ካወጣች ወዲህ መሪ ነክታ አታውቅም፣ ትፈራለች። ለምን እሺ አለች? እልህ ይሆናል። ቁልፉን ሰጥቻት ጎኗ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳንሄድ የግራው ጎማ ጉድጓድ ገባ፣ መሪው ከእጇ አፈተለከ። በሁለት እጄ ያዝኩላት። አቆመች።

"ሸሪፍ ይፍታው" አለች በመጨረሻ።

"ለነገ ብቻ?"

"ለነገ።"

"እሑድ ልጆቹ ይሳፈሩበታል፣ ማዳም።"

"ለሁልጊዜ ይፍታው! ኸላስ!"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

መካ ደርሰን መጣን። ጎማዎቹ ቦታቸው ገብተዋል፣ መሪው ቀሏል። ሲቲ ታላቁ መስጊድ ሐረም ውስጥ ስሜን ጠርተው ዱዓ አደረጉልኝ። ቤት ስንደርስ ማዳም ወጥታ "እስኪ እኔ ልንዳ" አለች። ነዳች። ቀስ እያለች፣ እንደ ልጅ እየሳቀች። ደስ አለኝ... ሞኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ልጆቹን የምታደርሰው አሁን ማዳም ናት። መኪና ማቆም እንኳ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ዛሬ ጠራችኝ፣ በደግ ፊት። "ሾፌር አያስፈልገንም፣ ሐቢብቲ። ኩሽና ግቢ፣ ደሞዝሽ ያው ነው።" ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ውለታ የዋለችልኝ ነው የመሰላት።

"አልገባም። ተናዙል ፈርሚልኝና ልቀቂኝ፣ ሌላ ከፊል ጋ ልዛወር።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። እኔ ሾፌር ነኝ።"

ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ተቃጠልኩ። ቃሌን ግን አላጠፍኩም። ማዳም ተናዙሉን እሺ ያለችው ሲቲ ተቆጥተዋት ነው።

ኑርሁሴን በስልክ፣ "አበድሽ? እንጀራሽን በእግርሽ ትረግጫለሽ?" ልበድ እንግዲህ።

ነገ ሩዋይስ ሰፈር አንዲት ሴትዮ ጋ ነድተሽ አሳዪ ተብያለሁ። ከመግባቴ በፊት መኪናውን ዞሬ ጎማ ጎማውን አያለሁ። ቅር ካላቸው ቅር ይበላቸው።