ካሳው የወረወራት ዳዶ

ኅዳር 3፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ሦስት ጎማ ለጠፍኩ። እጄ ግን አያርፍም። ሲጋራ ከተውኩ አርባ ቀን። ጣቴ ጢሜን ይነጫል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል። ልቤም አብሮት ይሄዳል። ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን? ትናንት የሾፌር ካሳውን የፊት ጎማ ቀየርኩ፤ የጎማ ማሰሪያ ዳዶዎቹን በጣት አስገብቼ፣ በቁልፍ ሳላጠብቅ ሰደድኩት። ከመርሳ ወጥቶ ውርጌሳ ሳይደርስ ጎማው መወላገድ ጀመረ። ስምንት ሰው ጭኗል። እግዜር አወጣቸው። ተመልሶ መጣና አንዷን ዳዶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወራት። ስድቡን አልጽፈውም፤ የሚገባኝ ነው። ባለ ጋራዡ ጋሽ ሞላ፣ ብትደግማት ዓይንህን እንዳላይ አሉኝ።

ኅዳር 4
የሚስቴ እህት ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ጭንቀት ነው አለች። በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ወልድያ አለ፣ ሐሳብም ይሰበስባል፣ ግዛ አለችኝ። በአርባ አምስት ዓመቴ መጫወቻ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ኅዳር 6፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ወልድያ ሄጄ መጣሁ። ሱቁ ሙሉ ኮተት። ሲጫኑት ጧ የሚል የጎማ ጉብታ። ዱቄት የታጨቀበት ፊኛ። ባለ ሦስት ክንፍ ተሽከርካሪ። ሻጩ አፉ አያርፍም፤ ለጭንቀት ነው፣ ለትኩረት ነው። ተሽከርካሪውን ገልብጬ አየሁት። መሃሉ ጎማ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ! እኔ አሮጌውን ስጥል የምውለውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይሸጥልኛል። እየናቅኩ ገዛሁ። ፊኛውንም ጨመርኩ፤ ሞኝ።
ሚኒባስ ውስጥ አሽከረከርኩት። ሲሪንቃ አለፈ። የኔዋ መርሳም አለፈች። ውርጌሳ ላይ ረዳቱ፣ ጋሼ መውረጃዎ የት ነው? አለኝ። ለትኩረት ነው እኮ!

ኅዳር 8
ፊኛው ፈነዳ። ዱቄቱ ጢሜ ላይ። ጋሽ ሞላ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ።
ባለቤቴ አስካለ አዝናልኝ መቁጠሪያዋን ሰጠችኝ። ይሻላል ብዬ ያዝኩ። ከግራና ከተማ የጋሪ ጎማ ሊያስለጥፉ የመጡ ሽማግሌ ጢሜንና መቁጠሪያውን አዩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ፤ «ይፍቱኝ አባ!» ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ ስንት ጊዜዬ! ኧረ አባቴ፣ እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ እርስዎ ይመርቁኝ አልኳቸው። መረቁኝ። አፈርኩ። መቁጠሪያውን ለአስካለ መለስኩ። እሱ ለሚጸልይበት ሰው ነው።

ኅዳር 9
የካሳው ዳዶ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ናት። ልጥላት አነሳኋት። ከበድ ትላለች፣ ትቀዘቅዛለች። ጥርሷ ጣት ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ግራ እጄ ላይ ዋለች። መኪና ልሰድ ስል እሷን እዳብሳለሁ፣ ስምንቱ ሰዎች ትዝ ይሉኛል፣ ተመልሼ ቁልፍ አነሳለሁ። ያንን የፕላስቲክ ኮተት ለጋሽ ሞላ ሰጠሁ። ከጠዋት ጀምሮ ያሽከረክራሉ፤ ሁለት ደንበኛ ሰላም ብሏቸው አልሰሙም።

ኅዳር 14፣ 9 ሰዓት
ካሳው መጣ። ጎማው ተንፍሶበት እንጂ እኔን ወዶ አይደለም። አናቴ ላይ ቆመ። ዳዶዎቹን በቁልፍ አጠበቅኩ። ሁሉንም ደግሜ ዞርኩባቸው። እጅህ ላይ ምንድን ነው? አለ። አሳየሁት። የኔ ናት፣ መልስ አለ። ከሣጥን አዲስ አውጥቼ ሰጠሁት። ይቺን አልሰጥም፤ ወርውረሃታል አልኩት።
አዲሷን በመዳፉ ገለባበጣት። ከዚያ፣ ያን ቀን ጋቢና የተቀመጠችው እናቴ ነበረች አለኝ።
ጎማው ሥር ተመልሼ ቁጢጥ አልኩ። ቁልፉን አንስቼ ዳዶዎቹን ለሦስተኛ ጊዜ ዞርኩባቸው።