በሲሊንደር የቀረው አየርህ

ኤልዬ፣ ውዴ፣

ከተለየኸን ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ አሁን ደግሞ ብርዱ መጥቷል። ልጽፍልህ ያሰብኩት ብዙ ጊዜ ነው። መቃብር ያለው ሰው ሄዶ እዚያው ተቀምጦ ያወራል። እኔ ወደየት ዞሬ እንደማወራህ ሳላውቅ ከረምኩና ዛሬ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ቤታችን እንደነበረ ነው ብዬ አልዋሽህም። አየር የምትሞላበት ኮምፕረሰር ተበላሽቶ ሸራ ለብሶ በረንዳው ጥግ ቆሟል። እናትህ ቤታቸውን አከራይተው ከእኛ ጋር ናቸው፤ አልጋችን ላይ እሳቸው ይተኛሉ፣ እኔ ሳሎን። ወንድምህ ናቲ ሥራውን ትቷል፤ ከኤረር በር ወዲያ የሚሄድበት ጉዳይ የለውም። ያልተለወጠው የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። ባለፈው አንዲት አዲስ ተከራይ በሩን አንኳኩታ ቡታጋዝ ትሸጣላችሁ ወይ አለችኝ። ሲሊንደሮችህን በባጃጅ ጭነህ ከፈረስ መጋላ ስትመጣ ያየ ሁሉ ነጋዴ ያደርግህ አልነበር? ስንት ሳቅንበት! ብቻዬን መሳቅ ግን አቃተኝና ሴትዮዋን ደጅ ላይ ትቻት ገባሁ።

እውነትም ሐረር ተቀምጦ የውኃ ጠላቂ መሆን ምን የሚሉት ሥራ ነው? ጅቡቲ ወደብ የመርከብ ሆድ ስትፍቅ ኖረህ ስትመለስ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አንተ ግን ቆላ ወርደህ ውስጥ ለውስጥ ውኃ የሚሄድበት ዋሻ አገኘህና አረፍከው። የት እንደሚያልቅ ሳላይ አልቀርም አልክ። ያኔ ተናድጄብሃለሁ፤ ዛሬም ተናድጄብሃለሁ። ናፍቆቱ ንዴቱን አላጠፋልኝም።

ደስ ይለኝ የነበረው ዝግጅቱ ነው። ሸራውን ግቢው ላይ ዘርግተን ሲሊንደሮቹን በተራ እናስተኛቸው ነበር። አየሩን ሦስት እጅ ትከፍለዋለህ፤ አንዱ እጅ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ ሦስተኛው ጓደኛ ቢቸግረው ለጓደኛ። ባትሪም እንደዚያው ለአንድ ሰው ሦስት ነው። ዕቃ ቤቱን ዘግተን ጨለማ ውስጥ አንድ በአንድ ስናበራቸው ብርሃኑን ፊቴ ላይ ታደርግብኝና ትስቃለህ። ትርፍ ሲሊንደሮቹ ደግሞ ዋሻው ውስጥ መታጠፊያው ጋ፣ መውጫውን እንዳትስቱ በምትዘረጉት መሪ ገመድ ላይ ይንጠለጠላሉ። ከጊደር መጋላ የገዛሁትን ቀይ ጨርቅ ቀድጄ አንገታቸው ላይ የምሰፋው እኔ ነኝ። አጠገባቸው አንዲት ትንሽ ባትሪ በርታ ትታሰራለች፤ ሲሊንደሩ ያለበት የሚታወቀው በእሷ ነው። ሲሊንደሮቹ እዚያው ይሰነብታሉ። ባትሪዋን ግን ቻርጅ እንድትደረግ መጨረሻ የሚወጣው ሰው አንሥቷት ይወጣል። ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ።

ያን ቀን የሆነውን አብሮህ የገባው ናቲ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ከጣሪያው አፈር ተንዶ ውኃው ቡና መሰለ፤ ተጠፋፋችሁ። ገመዱ ከፊቱ ሲነቃነቅ ተሰማውና ቀድመኸው የወጣህ መሰለው። እንግዲህ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ ብሎ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ፣ በደንቡ መሠረት ባትሪዋን ፈትቶ ይዟት ወጣ። ውጭ አልነበርክም። ባትሪዋ እጁ ላይ ሳለች አንተ እስክትመጣ ጠበቀ።

ሊፈልጉህ የገቡት ሰዎች ሲሊንደሩን እንደተንጠለጠለ፣ ሳይነካ አገኙት። በጨለማ አልፈኸው ይሁን፣ ጭራሽ ሳትደርስበት ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲያ ጣሪያው እየተናደ ነው፣ ሌላ ሰው አይግባ ብለው ወጡ። ፎቶህንና ልብስህን አስቀምጠን አለቀስን። እማማ ግን ልብስ አልቀብርም አሉ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ናቲን ደጅ ላይ አቁመው፣ የልጄን አጥንት አምጣልኝ ይሉታል። በየቀኑ ይሉታል። እሱም አንገቱን ይደፋል።

ባለፈው ሳምንት ናቲ አጥንትህን ላወጣ ዋሻው ልገባ ነው አለኝ። ብቻውን። ባትሪውንና ሲሊንደሩን እንደ አንተ አድርጌ እንዳዘጋጅለት ለመነኝ፤ ያንተን አደራደር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለማ። ለጓደኛ የምትለው ሦስተኛው እጅ ለማን ነው ብዬ ጠየቅኩት።

እና አዘጋጀሁለት። ሸራውን ዘረጋሁ፤ አንተ ሞልተህ የተውካቸውን ሲሊንደሮች ደረደርኩ። ባትሪዎቹን ልንሞክር ዕቃ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። የመጀመሪያውን አበራሁ፤ ናቲ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወንድምህ ለመመለስ የሚዘጋጅ ሰው አይመስልም ነበር፤ ቶሎ ይለቅልኝ እንደሚል ሰው ነበር የሚተነፍሰው። ባትሪውን ሳላጠፋ ወጣሁ፣ ሸራው ላይ ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ሲሊንደር ከፈትኩት።

የሚያመልጠው አየር ድምፅ ግቢውን ሞላው። ናቲ ሮጦ መጣ፤ እጄን ያዘኝ፣ መነጨቅኩት። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ሦስተኛውን ከፈትኩ። ብረቱ በረዶ ሆነ። እማማ ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ ልጄን በምን ሊያወጣልኝ ነው እያሉ ጮኹብኝ። የመለሰላቸው ናቲ ነው። ባትሪዋን ያነሣኋት እኔ ነኝ አላቸው። እየጮኸ፣ አየሩ ድምፁን እየዋጠው፣ ሁሉንም ነገራቸው።

እኔ አንድ የቀረውን ሲሊንደር ይዤ ነበር፤ የመጨረሻ የሞላኸው እሱ ነው። ሸራ ላይ ስታስተኛው፣ እጅህን በሱሪህ ስትጠርግ አይቼሃለሁ። ሌሎቹን ሁሉ ከፍቼ እሱ ላይ እጄ አልታዘዝም አለኝ፤ ኤልዬ፣ ዓለም ላይ ካንተ እጅ የቀረኝ እሱ ብቻ መሰለኝ። እማማ ቀስ ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ናቲን ቀና ብለው አዩት፣ ብዙ አዩት። ከዚያ እጄን ከብረቱ ላይ አነሡና፣ ወደየት ነው የሚዞረው፣ ልጄ? አሉኝ።

አሳየኋቸው። ራሳቸው አዞሩት። እስኪያልቅ ድረስ ሦስታችንም ተቀምጠን ሰማነው። ሲያልቅ እማማ፣ ናቲን ና ምሳ ብላ አሉት።

ልብስህን እሑድ እንቀብራለን። ሰማያዊውን ሹራብ እኔ አስቀርቼዋለሁ፤ እሱን ማንም አይወስድብኝም። በየዓመቱ ስምህን አስጠራለሁ፤ አጥንትህ ያረፈበት አፈር ባይኖርም ስሙ ይበቃል ብለውኛል ቄሱ። ወንድምህ እቤት ነው፣ ይበላል፣ ትናንት ፂሙን ተላጨ። እሱን ያስቀረነው አንተን እዚያ ትተን ነው። ይህን አልረሳም። አንተንም አልረሳህም።

ያንተው
ሰናይት