እማዬ ልትሳፈር ስትል ፕሬዚዳንቱ ተከሰሱ

ሐሙስ

አባዬ ዛሬም ቁርሱን አልነካም። ፕሬዚዳንቱ ትናንት ባግዳድን አስደበደቡ፤ አሁን ደግሞ ምክር ቤቱ ራሳቸውን ሊከሳቸው ነው። "ምን አጥፍተው ነው?" ይለኛል። ከአንዲት ልጅ ጋር... ለአባት እንዴት ይነገራል? "ምለው ዋሽተው" ብዬ አለፍኩት።

ለእማዬ የሚቀረኝ፦ አንሶላ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ከኦክላንድ ጤፍ። እሑድ ማታ ከአዲስ አበባ ተነስታ ሰኞ እዚህ ሳን ሆዜ ትገባለች። ሁለት ጊዜ ከልክለዋት በስንት መከራ የተገኘው ቪዛ በዚህ ወር መጨረሻ ይቃጠላል። ብቻ በሰላም ትግባልኝ።

ዓርብ

ባሌን ልገድለው ነው። ብርሃኑ ታክሲው ውስጥ ሙሉ ቀን ሬዲዮ ስለሚሰማ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። እራት ላይ አባዬ ከልቡ "ወታደሩ የማን ወገን ነው?" ብሎ ጠየቀው። እሱ ሆዬ፣ "አይስጉ አባባ! ታንክ ሳን ሆዜ ከገባ እኔ በታክሲዬ እዚሁ ጎረቤት ኩፐርቲኖ አሸሽዎታለሁ" ብሎ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። እጁን ታጥቦ ተነሳ።

አባዬ በንጉሡ ጊዜ የምክር ቤት ጸሐፊ ነበር። እንደራሴዎቹ ከሚኒስትሮቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ከረሙ፣ አንድ ቀን በሩን ወታደር ዘጋው። ያን ሰሞን ነው "ምንም አይመጣም፣ ሂድ" ብሎ ታላቅ ወንድሜን ወደ ደሴ የሸኘው። አልተመለሰም። በቤታችን ይህ ወሬ አይነሳም።

ቅዳሜ

ምክር ቤቱ ጠዋት ድምፅ ሰጠ። ተከሰሱ። ሊሾም የነበረው አፈ ጉባኤም በዚያው ጠዋት እለቃለሁ አለ። የሰማሁት ፓሎ አልቶ ሆስፒታል፣ የበሽተኛ አልጋ ሳነጥፍ ነው። ነርሶቹ እንደ ድራማ ያዩታል።

ስገባ አባዬ ካፖርቱን ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል።

"ለእናትሽ ደውያለሁ። አትመጣም።"

"ምን?"

"መሪውም አፈ ጉባኤውም በአንድ ቀን ወደሚወድቁበት አገር ሰው መንገድ አይጀምርም። ሲረጋጋ ትመጣለች።"

ብርሃኑ ሊለምነው ሞከረ። "አባባ፣ ክስ ብቻ እኮ ነው። ፍርዱ፣ ትራያሉ፣ ገና ሴኔት ውስጥ ነው። ሰውዬው ኦፊሳቸው ናቸው፣ ምንም ቼንጅ የለም።"

"ትናንት ታንክ ያልከኝ አንተ አይደለህም?" አለው።

ደወልኩ። እዚያ ሊነጋ ነው። "አባትሽ ካለ አለ፣ ልጄ። ሻንጣውን ጓዳ መልሼዋለሁ" አለች፤ ከገበያ ቀረሁ የምትል ነው የምትመስለው። "እማዬ፣ ቪዛው ይቃጠላል! እዚህ ምንም የለም፣ ዝም ብለሽ ነይ!" እያልኩ የስልክ ካርዱ አለቀና ተቋረጠ። ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ዛሬም አልቻልኩም።

እሑድ

ሌላ ካርድ ገዛሁ። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጎረቤት ቤት ሄዳ ይሆናል። እንደገና ሞከርኩ። አሁንም የለችም። አየር መንገዱ የተሳፋሪ ስም አንናገርም አለ። እስካሁን አውሮፕላኑ ተነስቷል።

ቴሌቪዥኑ ፕሬዚዳንቱ ትናንት ከድምፁ በኋላ ግቢያቸው ቆመው የተናገሩትን ደጋግሞ ያሳያል። ሚስታቸው አጠገባቸው ናቸው። አባዬ ጠጋ ብሎ አየ።

"ማንም አልያዛቸውም?"

"ማንም።"

"ምንድን ነው የሚሉት?"

"እስከ ሥልጣን ዘመኔ መጨረሻ እሠራለሁ ነው የሚሉት።"

ከዚያ አባዬ ራሱ ስልኩን አንስቶ የእማዬን ቁጥር መታ። ይጠራል። ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ፤ ልቀበለው ስል አልሰጠኝም። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፣ አንጀቴን በላው።

ሰኞ

አሁንም አይነሳም። ወይ ተከፍታ እህቷ ቤት ሄዳለች፣ ወይ አየር ላይ ናት። እህቷ ስልክ የላትም። ኤርፖርት እንሄዳለን፤ ሌላ የማደርገው የለኝም። ብርሃኑ ታክሲውን አስነስቶ ውጭ ይጠብቀናል።

አባዬ ክራቫቱን አስሮ ከሁላችንም ቀድሞ በሩ ጋ ቆሟል። ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ፣

"ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ከቃሌ ወጥታ አታውቅም" አለኝ። "ምነው ይህን አንዴን እንኳ እምቢ ባለችኝ።"

አሜን ብዬ በሩን ከፈትኩለት።