ፍራንክፈርት የደረሰው የሰበታ በሶ

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለኦቦ ቦጂያ፣ ሰበታ።

አካም ጂርቱ? እኔ በሰላም ገብቻለሁ።

«ስንት ቀን ያስኬዳል?» ብለው ሲጠይቁኝ «ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው» ማለቴ ነው ያሳሳተዎት። በቅሎ እየነዱ ጅማ ለመግባት አሥራ ሁለት ቀን የሚፈጅብዎት ሰው፣ ሲያሰሉት ከግማሽ ዓመት በላይ መጣብዎት። ያን ሁሉ በሶ ያስቋጠሩልኝ ለዚህ ነው። «ኧረ ዘጠኝ ሰዓት ቢፈጅ ነው» ብልም «መንገድ አይታመንም፣ ያዝ» አሉኝ። ቦሌ ላይ ሰው እንዳያይብኝ ከካፖርቴ ሥር ደበቅኩት።

አየር ላይ የቀረበው ምሳ ሁሉ ሥጋ ነበር። የነቢያት ጾም መግባቱን በምን ቋንቋ ላስረዳ? እያፈርኩ አስተናጋጇን ውኃ ለመንኩና በሶዬን በብርጭቆ በጠበጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ጀርመናዊ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆይተው የራሳቸውን ብርጭቆ ዘረጉልኝ፤ አካፈልኳቸው። ጠጥተን ሳንጨርስ፣ በእግር ወር የሚያስኬደው በረሃ ከሥራችን አለቀ።

እግዜር ይስጥልኝ፤ ስለተከራከርኩዎትም ይቅር ይበሉኝ። ፖስት ካርዱ ጠበበኝ። ገብሱን ለቆሉት ለወይዘሮ ድንቅቱ፣ ለልጅዎ ለአያንቱም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። በሶውን በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ ብቻ እቀምሳለሁ። ስንቅዎ እስኪያልቅ ድረስ ገና ከሰበታ አልወጣሁም።

ብዙነህ