ሆዴ ውስጥ እስካለ ደህና ነው

እትዬዋ፣ ከሩቅ ሆኜ ጉልበትሽን ስሜ ልጀምር። እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽ አሁንስ ጎንበስ ቀና ያስብልሻል? ጋሼስ ሳሉ ለቀቃቸው? ልጆቹስ? እኔ ድክ ድክ እያልኩ አለሁ። ሆዴ ገፍቶ ከስፌት መኪናዬ አርቆኛል፤ እጄን እንደ ቀጭኔ አንገት አስረዝሜ ነው የምሰፋው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አማቴ ከበሩ ጀርባ ስለማይጠፉ ነው። ባለፈው ሳምንት አልትራሳውንድ ታየሁ። የምታየኝ ነርስ የእኔ ቢጤ ወሬኛ ናት። በዚህ ዕድሜሽ ጀግና ነሽ፣ ይኸው እግሩ፣ ይኸው አፍንጫው እያለች ስታሥቀኝ ቆይታ ልቡ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። እትዬ፣ ወሬኛ ሰው ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣና ወረቀት ላይ ልብ ስሎ አስረዳኝ። ከልቡ የሚወጡት ሁለቱ ትልልቅ የደም ሥሮች ቦታ ተለዋውጠዋል። አሁን የምተነፍስለት እኔ ስለሆንኩ ምንም አይጎድልበትም፤ ይራገጣል፣ ያድጋል። ችግሩ የሚጀምረው ሲወጣ ነው። የልብ ቀዶ ሐኪም ባለበት ከተወለደና ቶሎ ከተሠራለት እንደ ማንም ልጅ ሊያድግ ይችላል አለኝ፤ ያ ደግሞ እናንተ ከተማ ነው። እዚህ ቢወለድስ ብዬ ስጠይቀው እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ እዚህ አይወለድ አለኝ።

መግቢያ መውጫ ማጣቴን አየሽልኝ? እናት ሁሉ ልጄ ቶሎ ይምጣልኝ ትላለች። እኔ በነጋ ቁጥር፣ ዛሬም እዚያው ቆይልኝ እለዋለሁ።

አማቴ፣ እኔ ያን ሁሉ ልጅ ስወልድ ማን መሣሪያ ሆዴ ላይ አንከባለለ፣ ክፉ አትጥሪበት ብለው ተቆጡ። ባለቤቴ የእናቱን ፊት ያያል፣ የእኔን ፊት ያያል፣ ከዚያ ወጥቶ ታክሲውን ያጥባል። ያ ታክሲ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም። ደንበኞቼ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሉኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ አፌ ላይ መርፌ ስለምይዝ ሌላ መልስ አይጠብቁም።

ትናንት ባለቤቴን ወደ እናንተ ውሰደኝ ብዬ ለመንኩት። እናቴን አስቀይሜ እንዴት አድርጌ አለኝ። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ቅዳሜ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ ብቻዬን እመጣለሁ። መምጣቴ ግን የተገላገልኩ እንዳይመስልሽ፤ እዚያም ተቀምጬ የምፈራው ያንኑ የሚወለድበትን ቀን ነው።

ጋሼን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን አልጋውን ስለምቀማው ይቅር በለኝ ብላሃለች በይው። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴና አማቴ ሰላም ይሏችኋል ብዬ መጨረስ ልማዴ ነበር፤ ዛሬ ግን መጻፌን አያውቁም። ሰላም የምንላችሁ እኔና ሆዴ ውስጥ ያለው ብቻ ነን።

ታናሽሽ
ከስፌት ክፍሌ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ኅዳር ፲፪