ያቃናኸው ፊደል

ውድ አባዬ፣

ሱቅህ አልፈረሰም። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። ሞኝነቴን እያት፤ አፈር ከለበስክ ስምንት ወርህ ነው።

መሀል ከተማው ይነሳል፣ ሰፊ መንገድና ባለ ሠላሳ ፎቅ ሕንፃዎች ይሠሩበታል የተባለ ጊዜ፣ የሚፈርሱት ቤቶች ላይ ምልክት እንዲጽፍ መሥሪያ ቤቴ የመረጠው እኔን ነበር። «የእጅ ጽሑፍህ ያምራል» አለኝ አለቃዬ። እንዴት አያምር! የሰፈሩን ታፔላ በሙሉ የጻፈው አባቴ አይደል ያስተማረኝ። ቀይ ቀለም ይዤ ካንዱ በር ወደ ሌላው ስሄድ፣ ጎረቤትህ ሰዓት ሠሪው «የአባቱን እጅ ይዞ መጣብን» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያንተ በር ላይ ስደርስ ቀለሙን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። አንተ ግን ወንበር አምጥተህ አቆምክልኝ፤ እስክጨርስም ደግፈህ ያዝክልኝ። «ይፈርሳል» ብዬ ጽፌ ስወርድ፣ ራቅ ብለህ አየኸው።

«ቤቱን አፍርሱ፤ ፊደሉ ምን አድርጎህ ነው የምታፈርሰው? የሳ እግር ተንሻፈፈ እኮ!»

ሳቅኩ፤ አንተም ሳቅክ። ያንን ሳቅ ተገን አድርጌ አለቃዬ ያስጠናኝን ተናገርኩ፦ «አባዬ፣ አንተ ቀድመህ ብትወጣ ለሌላውም ምሳሌ ይሆናል።» ምላሴን በቆረጠው! ብሩሾችህን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመርክ።

በሳምንቱ ወጣህ። መኪና ላኩልህ እንጂ ራሴ ለመምጣት ፊት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህም በዚያ መንገድ አላለፍኩም። ከተማው ዳር አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሚጻፍ በር፣ የሚያውቅህ ሰው በሌለበት አስቀመጥኩህ። «ተመቸህ?» ስልህ «ምን ጎደለኝ» ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኜህ ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ። አራት ወር እንኳ አልቆየህም። ሐኪሙ የልብ ሕመም ነው አለ። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ፕላኑ ተቀየረ። መንገዱ በወንዙ በኩል እንዲያልፍ ተወሰነና ያንተ መደዳ ተረፈ። አንወጣም ብለው የቆዩት ሁሉ ዛሬም ሱቃቸው ውስጥ ናቸው፤ የተዘጋው ያንተ በር ብቻ ነው። ምልክቱን በነጭ ቀለም አጥፋ ብሎ አለቃዬ መልሶ እኔኑ ላከኝ።

በርህ ላይ ስደርስ ሳ ቀጥ ብላ ቆማለች። እግሯ ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ወርዷል፤ እንደዚያ የሚያወርድ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ዞሬ ሰዓት ሠሪውን አየሁት።

«የወጣ ዕለት ነው ያቃናት» አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አስቸኮለህ ስለው፣ ‹የራሱን አባት አስቀምጦ የሰው ቤት ያፈርሳል ብለው ልጄን እንዳያሙት› አለኝ።»

አባዬ፣ ለእኔ ብለህ ነው እንዴ የወጣኸው? ምናለ ብትነግረኝ? ምናለ ብትቆጣኝ፣ ከነቀለሜ ብታባርረኝ?

ቀባሁት። አዎ፣ አሁንም እሺ አልኩ። ነጩ ሲደርቅ ግን ቀዩ ከሥሩ ብቅ አለ፤ ከሁሉም ደምቃ የምትታየው ያንተ ሳ ናት። አለቃዬ መጥቶ አየና «አንድ ጊዜ ድገመው፣ ይጠፋል» አለኝ።

«አልደግምም» አልኩት።

ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። ይህች ቃል መውጣት የነበረባት ያኔ፣ አንተ ወንበሩን ደግፈህልኝ ሳለ ነበር።

ይቅር በለኝ፣ አባዬ።

ወንበር የያዝክለት ልጅህ